በግ ከመግዛታችሁ በፊት መኖ ግዙ፦ ገጠር ያለ ችግረኛ ቤተሰብን በበግ ማድለብ ለማቋቋም የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ደሴና ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ገጠር ዘመድ አያጣም። አንዱ ኩታበር አክስት አለችው፣ ሌላው ተሁለደሬ፣ ሌላው ቃሉ ወይም ለጋምቦ። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ ይልካል፣ የከተማ ቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለው) ከሣጥኑ ያወጣል። «ለእገሊት በግ ገዝተን እንስጣት፣ አርብታ ትቋቋም» ይባላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ በጉ ቀድሞ ይገዛና መኖው በኋላ ይታሰባል። መጋቢት ላይ የተሰጠ በግ ግንቦት ላይ አጥንቱ ይወጣል፤ ከተገዛበት በታች ይሸጣል ወይም ይሞታል። እናትየው ዕዳና ሐዘን ይተርፋታል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ዓይነት እገዛ ለመጀመር ለምታስቡ ነው። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። በጉ የሚገዛው አምስተኛው እርምጃ ላይ ነው።

1. ቤተሰቡን በቅሬው በኩል ምረጡ

ማን በእውነት እንደተቸገረ የሚያውቀው የመንደሩ ቅሬ ነው። የቅሬውን ዳኛ፣ አንድ ሁለት እናቶችን፣ ከቀበሌም የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን አነጋግሩ። የሦስቱም ወገን ዝርዝር ላይ የሚገኝ ስም ካለ ከእሱ ጀምሩ። ዘመድ ስለሆነ ብቻ አትምረጡ፤ መንደሩ ያያል፣ ቅሬታውም በጉን ተከትሎ ይመጣል።

ከዚያ ቤት ድረስ ሂዱ። ቡና ሲፈላ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ውኃ የሚቀዳው ከየት ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ? ቀን ቤት የሚውል ማን አለ? ከዚህ በፊት በግ ነበራችሁ ወይ፣ ምን ሆነ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያወጣል። «ፈንጣጣ ጨረሰብን» ካሉ ክትባት ላይ ትበረታላችሁ። «ልጄ ታሞ ሸጥኩት» ካሉ ደግሞ ሌላ ነገር ገባችሁ ማለት ነው፦ ያ ቤት ለክፉ ቀን የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በእጁ ከሌለ የሰጣችሁት በግ ለሚቀጥለው ሕመም ይሸጣል።

እህል ያለቀበት ቤት በግ ይዞ ሦስት ወር መታገሥ አይችልም። ቤተሰቡ ሴፍቲኔት (የመንግሥት የምግብ ዋስትና ድጋፍ) ውስጥ ካለ ክፍያው የሚደርስባቸውን ወራት ጠይቃችሁ ማድለቡን ከዚያ ጋር አገጣጥሙ። ከሌለ ደግሞ ከበጀታችሁ ላይ ለእህል የሚሆን ቁረጡ። ሁለት በግና አንድ ኩንታል እህል ከሦስት በግ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ፦ በጉን የሚጠብቀው ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ መሆን የለበትም። ይህ መመሪያ አስሮ መቀለብን የመረጠው አንዱም ለዚህ ነው።

2. ለቦታው የሚስማማውን እንስሳ ለዩ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት። በዚህች አጭር መንገድ አየሩም ሳሩም በሽታውም ይቀየራል። ደጋው ላይ፣ በኩታበርና በለጋምቦ በኩል፣ በግ ይስማማዋል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ እየወረዳችሁ ስትሄዱ ቁጥቋጦ ይበዛል፤ እዚያ ፍየል ይበልጣል። የባቲ ፍየል ቆዳ ስሙ የወጣው በከንቱ አይደለም።

ምንም መሬት የሌላት፣ አቅሟም የደከመ እናት ከሆነች ከዶሮ መጀመር ይቻላል። እንቁላሉ ቶሎ ገንዘብ ይሆናል። ግን የፈንግል ክትባት ሳይኖር ዶሮ አትስጡ። ፈንግል ከገባ በሳምንት ውስጥ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ስለ በግ ነው።

3. ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ

አንድ ዙር ማድለብ 90 ቀን ገደማ ይፈጃል። የሚሸጥበትን በዓል ያዙና ሦስት ወር ወደ ኋላ ሂዱ። ለገና የሚሸጥ በግ መስከረም መጨረሻ ላይ ይገዛል። ለፋሲካ የሚሆነው ጥር ላይ። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ የዓመቱን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ለጀማሪ ቤተሰብ የገናው ዙር ከሁሉም ይሻላል ባይ ነኝ። መስከረምና ጥቅምት ሳር አለ፣ ውኃ ቅርብ ነው፣ ኅዳር ላይ አዲስ ገለባ ይገባል። ለእንቁጣጣሽ ማድለብ ግን የሚጀመረው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። መኖ የሚጠፋበትና የሚወደድበት ወቅት ስለሆነ ልምድ ላለው ተዉት።

ለአረፋ የምታስቡ ከሆነ የገዢውን ዓይን አስቡ። ዓይኑ የጠፋ፣ የሚያነክስ፣ የታመመ ወይም የከሳ በግ ለኡዱሂያ፣ ማለትም ለአረፋው እርድ፣ አይሆንም። ዕድሜውም ይጠየቃል። ስለዚህ ስትገዙ ጀምሮ እንከን የሌለበትን፣ ዓመት የሞላውን ምረጡ። ደቡብ ወሎ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት ተጎራብቶ ስለሚኖር ገበያው በዓመት ብዙ ጊዜ ይደምቃል። ይህን የመሰለ ዕድል ሁሉም አገር የለውም።

4. መኖውን አስቀድማችሁ አስገቡ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

ሦስት በግ እንበል። አንድ የሚደልብ በግ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም ተጨማሪ መኖ ያስፈልገዋል። 350 ግራም ያዙ። ሦስት በግ ለ90 ቀን ሲባዛ 95 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ሁለት እጁ ፉርሽካ፣ አንድ እጁ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) ይሁን፤ ማለትም 63 ኪሎ ፉርሽካና 32 ኪሎ ፋጉሎ። ፉርሽካው ጉልበት ይሰጣል፣ ፋጉሎው ሥጋ ይሠራል። በፉርሽካ ብቻ የተያዘ በግ ሆዱ ይሞላል እንጂ ጀርባው አይሞላም። በዚህ ላይ ገለባ ወይም ድርቆሽ 200 ኪሎ ያህል ይጨመራል። በጎቹ ረግጠው የሚያበላሹት አለና አትቀንሱት።

ፉርሽካ ከደሴና ከኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካዎች ስለሚወጣ ማግኘቱ አይከብድም። ፋጉሎ ስትገዙ ቆርሳችሁ አሽትቱ። የሻገተ ወይም የታፈነ ሽታ ካለው በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ ሻጋታው መርዝ አለው። ለኮምቦልቻ ቅርብ ለሆኑ ከቢራ ፋብሪካው የሚወጣው የገብስ ተረፈ ምርትም ጥሩ መኖ ነው። ግን እርጥብ ስለሆነ በሁለት ሦስት ቀን ይበላሻል። ቶሎ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ውሰዱ፣ ወይም በፀሐይ አሰጡት። ጭኖ ለጋምቦ ድረስ መውሰዱ አያዋጣም። የጠላና የቀሪቦ አተላም አይደፋ፤ ለመኖ ይሆናል።

አሁን ጣሳውን እንያዝ። ገጠር ቤት ሚዛን የለም፣ የሚሰፈረው በጣሳ ነው። ፉርሽካ ቀላል ነው፣ የተፈጨ ፋጉሎ ከባድ። በአንድ ጣሳ እኩል አይመዝኑም። ስለዚህ መኖውን በምትገዙበት ሱቅ ጣሳውን ይዛችሁ ግቡ። ሁለት እጅ ለአንድ የተደባለቀውን መኖ 175 ግራም አስመዝኑና ጣሳው ውስጥ ጨምሩት። የደረሰበት ላይ በምስማር ጭረት አድርጉ። ያ ጭረት የአንድ በግ የጠዋት ድርሻ ነው፤ ማታም እንዲሁ። ፊደል ያልቆጠረች እናት ጭረቱን አይታ አትሳሳትም። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን መኖው 90 ቀን ይድረስ ወይስ በ50 ቀን ይለቅ የሚለውን የምትወስነው ይህች ጭረት ናት።

ገለባው ብቻውን ደካማ ነው። በዩሪያ ማሻሻል ይቻላል። ለ20 ኪሎ ገለባ 1 ኪሎ ዩሪያ በ20 ሊትር ውኃ ይሟሟል። ገለባው በንብርብር እየተረጨ፣ እየተጠቀጠቀ፣ አየር በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ 21 ቀን ይቆያል። ሲከፈት ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ከመስጠት በፊት አንድ ቀን ይናፈስ። ሁለት ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተበጠበጠውን ውኃ እንስሳ ከጠጣው ይሞታል፤ ባልዲው ወዲያው ይታጠብ። ለትንንሽ ግልገሎችም ይህ ገለባ አይሰጥ። መጀመሪያ ጊዜ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ባለበት ሥሩት።

ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አሁኑኑ ትከሉ። በእርከኑ ላይ ደሾ ሳር፣ በአጥሩ ዙሪያ ደግሞ ቅጠላቸው ለመኖ የሚሆን ተክሎች፦ ሰስባንያ ወይም በደጋው ትሪ ሉሰርን። ደቡብ ወሎ ውስጥ እርከን ያልተሠራበት ተራራ ጥቂት ነው፣ ጠርዙ ባዶውን ሲቀመጥ ያሳዝናል። የተከለለ ተራራ ካለም ሳሩን አጭዶ ለመውሰድ ቀበሌውን ጠይቁ። ለድርቆሽ የሚሆን ሳር አበባ ማውጣት ሲጀምር ይታጨድ። ደርቆ እስኪቆም ከጠበቃችሁ ጣዕሙም ኃይሉም ይጠፋል።

በረቱን በተመለከተ ለአንድ በግ 1 ካሬ ሜትር ያህል ይበቃል። ጣራው የማያፈስ፣ ወለሉ ተዳፋትና ደረቅ፣ በሩ ጅብ የማያስገባ ይሁን። ግርግም ከፍ ተደርጎ ይሠራ፤ መሬት ላይ የተበተነ መኖ ግማሹ ፍግ ይሆናል።

5. ውል ግቡ፣ ከዚያ ግዙ

ወሎ ውስጥ ርቢ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። አንዱ እንስሳውን ይሰጣል፣ ሌላው ያረባል፣ ትርፉን ይካፈላሉ። የእናንተም እገዛ ስጦታ ይሁን ርቢ ወይም ብድር ከመጀመሪያው ቀን ይለይ። በቅሬው ፊት፣ በሦስት ምስክር፣ በጽሑፍ። በተለይ እነዚህን ጻፉ፦ በጉ ቢሞት ማን ይችላል? እንዴትስ ይረጋገጣል? የሚሸጥበትን ቀን የሚወስነው ማን ነው? ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል? የምትቀልበው ሚስት ከሆነች ስሟ በውሉ ላይ ይግባ። የሠራችበትን ገንዘብ ሌላ ሰው ሲቆጥረው ማየት የለባትም።

ለመጀመሪያው ዙር ባንክ ሄዶ መበደርን አልመክርም። በግ ሊሞት ይችላል፣ ዕዳ ግን አይሞትም። ቤተሰቡ አንድ ሁለት ዙር ከሸጠ በኋላ መበደር ቢፈልግ ፀደይ ባንክ አለ፤ የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ማለት ነው። ወለድ በሃይማኖቱ የማይፈቀድለት ሰው ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጥ ባንክ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ገበያ። የምታረባዋን እናት ይዛችሁ ሂዱ፣ የመጨረሻው ምርጫ የእርሷ ይሁን። ለማድለብ የሚሆነው ዓመት አካባቢ የሆነው፣ ከ18 እስከ 22 ኪሎ የሚመዝን ወንድ በግ ነው። የከሳ ቢሆንም አጥንቱ ረጅምና ሰፊ ከሆነ ችግር የለውም፤ የምትከፍሉት ለአጥንት ነው፣ ሥጋውን እናንተ ትሞላላችሁ። ክሳቱ ግን ከረሃብ ይሁን ከበሽታ መለየት አለበት።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ሳትነኩት ከሩቅ እዩት። ከሌሎቹ ተለይቶ አንገቱን ደፍቶ የቆመውን እለፉት። ቀርባችሁ መዳፋችሁን ወገቡ ላይ አሳርፉና በጣታችሁ ዳብሱ፤ የጀርባው አጥንት ሹል ሆኖ ከተሰማችሁ ከስቷል። ከዚያ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣት ወደ ታች ሳቡት። ውስጡ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ረሃብ ነው፣ ይደልባል። ነጣ ካለ ደሙን ትል ጠጥቶታል፣ ተዉት። አፉን ከፍታችሁ የፊት ጥርሱን እዩ፦ ሁሉም ትንንሽ የወተት ጥርስ ከሆነ ገና ዓመት አካባቢ ነው፣ መሐል ላይ ሁለት ትልልቅ ከወጡ ዓመት አልፎታል። ላቱን አንሱ፤ ከሥሩ እርጥብና የቆሸሸ ከሆነ ያስቀምጠዋል። ጥቂት አስሩጡት፤ ካሳለ ወይም ካነከሰ አትግዙ።

ደላላው ሊያጣድፋችሁ ይችላል። አትቸኩሉ። የሰኞው የባቲ ገበያ ትልቅ ነው፣ ምርጫም አለ፤ ግን ከቆላ የመጣ በግ ወደ ደጋ ብርድ ሲወጣ ይፈተናል። በተቻለ መጠን ለቤቱ አየር ቅርብ ከሆነ ገበያ ግዙ።

6. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት

አዲስ በግ ከነበሩት ጋር አይቀላቀል፤ ለብቻው ይታሰር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ውሰዱትና የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጠው። ረግረግ ካለበት አካባቢ ከሆነ የጉበት ትልንም የሚይዝ መድኃኒት ጠይቁ። ክትባቱንም እዚያው አንድ በአንድ ጠይቁ፦ ፈንጣጣ፣ አባ ሰንጋ፣ የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ። መድኃኒት ከገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጥ አትግዙ።

ተጨማሪ መኖው በአንድ ጊዜ አይሰጥ። ከትንሽ እፍኝ ተነስታችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ጭረቱ ጋ አድርሱት። ገለባ የለመደ ሆድ ድንገት እህል ወይም ፉርሽካ ሲሞላበት ይነፋል፣ በአንድ ሌሊት ይሞታል። የእህል ጎተራውም ከበጎቹ ይራቅ። አንድ በግ ገመዱን በጥሶ ስንዴ ላይ ካደረ ጠዋት ላይ የምታገኙት ሬሳ ሊሆን ይችላል።

7. የየቀኑ ሥራ

ጠዋት በረቱ ይጠረጋል፣ ገለባ ይቀርባል፣ ከዚያ በጭረቱ ልክ መኖ። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ፊቱ ይሁን፤ አንድ በግ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ይጠጣል። አሞሌ ጨው ሰቅላችሁ ይላስ። ማታ ደግሞ እንደገና። ፌስታል ከግቢው ይለቀም፤ በጉ ከዋጠው ሆዱ ውስጥ ይቀራል፣ ቢበላም አይወፍርም።

እናትየው በየቀኑ አንድ ነገር ትይ፦ መኖ ሲቀርብ ማን ነው ያልተነሣው? በሽታ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ያልበላ በግ ካለ ነገ አይባልም፣ የዚያኑ ዕለት ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ይደወል። ስልኩን እናንተ መዝግባችሁ ስጧት።

አባ ሰንጋ ላይ ልጠንክር። በግ ወይም ከብት ደህና ውሎ በድንገት ሞቶ ከተገኘ፣ በተለይም ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ደም ከወጣ፣ አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ ሥጋው አይበላ፣ ለውሻም አይጣል። በሽታው ሰውንም ይገድላል። ጤና ኬላው እስኪመጣ ሰውና ውሻ አይጠጋው፤ ከዚያ በባለሙያው ምክር በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። የተቸገረ ቤት «እንዲህ ያለ ሥጋ እንዴት ይጣላል» ቢል ይገባኛል። ለዚህ ነው ይህ ነገር በጉ በገባበት ቀን፣ ሁሉም ደህና ሳለ መነገር ያለበት።

8. ሽያጩ

ከገበያው ሳምንት በፊት የወጪውን ሒሳብ አብራችሁ ሥሩ። የበጎቹ መግዣ፣ መኖ፣ መድኃኒት፣ ትራንስፖርት፣ የደላላ። ደምሩና ለሦስቱ በጎች አካፍሉ። የሚወጣው ብር ከዚያ በታች የማይሸጥበት ዋጋ ነው። እናትየው ይህን ቁጥር በቃሏ ይዛ ትሂድ። ዋጋ የማያውቅ ሻጭ ገበያ ላይ ይደነግጣል፤ ቁጥሩን የያዘች ግን ደላላ ቢከባትም «አብሽሩ፣ እጠብቃለሁ» ትላለች።

የበዓሉን ዋዜማ አትጠብቁ። በመጨረሻው ቀን በግ ከበዛ ዋጋው ይወርዳል፣ ተመልሶ የሚገባ በግም መኖ ይበላል። ከበዓሉ አምስትና ስድስት ቀን በፊት መጀመር ይሻላል። በአንድ መንደር አራት አምስት ቤት ካደለበ ደግሞ አንድ ላይ ሆነው ነጋዴውን ወደ ቀያቸው ይጥሩት። አሥራ አምስት በግ አንድ ላይ የቆመበት ቦታ ነጋዴ መኪና ይዞ ይመጣል።

ዝናብ ከቀረስ? በ1977ቱ ድርቅ ወቅት እህል ሲወደድ ከብትና በግ ምን ያህል እንደወረደ ወሎ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል። በልጉ ወይም ክረምቱ ሲዛነፍ ካያችሁ ዘጠናኛውን ቀን አትጠብቁ። በጉ ገና ሥጋ እያለው፣ ሌላው ሰው መሸጥ ሳይጀምር ይሸጥ። ገንዘቡ እህል ይሁን ወይም ይቀመጥ።

9. ከሽያጩ በኋላ

ገንዘቡ ገና እጅ ላይ ሳለ ይከፈል። መጀመሪያ የሚቀጥለው ዙር መኖ። ከዚያ የሁለት በግ መግዣ። የቀረው የቤቱ ነው፤ ደብተር ቢገዛበት፣ ልብስ ቢሆን፣ ዕቁብ ቢገባ የእነርሱ ፈቃድ ነው፣ አትቆጣጠሩ።

ሁለት ሦስት ዙር በደህና ከሄደ አንድ ሁለት ቄቦች (ገና ያልወለዱ ሴት በጎች) ይገዙ። እርባታ ከማድለብ ይዘገያል፦ እርግዝናው 5 ወር ነው፣ ግልገሉ ለመሸጥም ወራት ይፈልጋል። ግን በየዓመቱ በግ ከገበያ መግዛት ይቀራል። ግልገል እንደተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ እንገሩን ይጥባ፤ እንገር ያልጠባ ግልገል በሽታ አይችልም። የራሱን ሴት ልጆች የሚያጠቃ አውራ በግ ዘሩ ይደክማል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ አውራውን ከሌላ መንደር ካለ ጥሩ አውራ ጋር ይቀያይሩት፤ የሌላውን ቀዬ ቅሬ ዳኛ ብትጠይቁ የማን በግ እንደሚያምር ይነግሯችኋል።